ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው? የፒንክ ፍሎይድ ሁለት ረጃጅም ሥራዎች

የእህቴ ልጅ የሚተዳደረው አጫጭር ቪዲዮ በማቀናበር ነው። አራት ኪሎ አካባቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ደርድሮ የሠርግ፣ የምርቃትና የሱቅ ማስታወቂያ ምስሎችን ሲቆርጥና ሲቀጥል ይውላል። ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ ሲመጣለት ፊቱ ይጠቁራል። በቀደም ቅዳሜ ቡና ለመጠጣት ጎራ ብዬ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ጥሩ መሆናቸውን ስለማውቅ አንድ ዘፈን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። ከፈተው። አንድ ደቂቃ ታገሠ። ሁለተኛዋም አለፈች። ሦስተኛዋ ላይ ጣቱን የማሳለፊያው ቁልፍ ላይ አሳርፎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

የተከፈተው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ነበር፤ ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሥራ። በዚህ ዘፈን ውስጥ የመጀመሪያው የዘፋኝ ድምፅ የሚሰማው ስምንት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ገና ስድስት ደቂቃ ይቀርሃል» ብለው አልዋሸሁም። «ከጀመረ ቆይቷል» ብለውም አልዋሸሁም። ያኔ ግን ሁለቱንም አላልኩትም፤ ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ይህ ባንድ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚዘልቁ ጥቂት ሥራዎች አሉት። ከእነርሱ መካከል በ1971 የወጣው «ኤኮስ» እና በ1975 የወጣው «ሻይን ኦን» የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልበረደም። (ዓመቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተከራካሪዎቹ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጧቸዋል፤ ሁለቱም ረጅም፣ ሁለቱም ዝግ ያሉ፣ ሁለቱም የአንድ ባንድ ልጆች ናቸውና። እኔ ግን ርዝመታቸው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም ባይ ነኝ። «ኤኮስ» የሚረዝመው እንደ መንገድ ነው። «ሻይን ኦን» የሚረዝመው እንደ ልቅሶ ቤት ነው። ይህ ልዩነት ካልተያዘ ንጽጽሩ የትም አያደርስም፤ አሁን ሁሉም ነገር እየተቆረጠ በሚቀርብበት ጊዜ የትኛው ዘፈን ቆረጣን እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ስለሚመደቡበት ዘርፍ ብዙ አልልም። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የተወለደው በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ፣ የሬዲዮዋ የሦስት ደቂቃ ዘፈን በጠበባቸው ወጣቶች እጅ ነው። ባለ 33 ዙሩ ረጅም ሸክላ በአንድ ፊቱ ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ከፍ የሚል ሙዚቃ ይይዝ ስለነበር፣ ዘፈኖቻቸውን እስከዚያ ጎተቷቸው። ሰማይ ጠቀስ ምኞታቸውን የለካላቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፕላስቲኩ ስፋት ነው። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሬከርድስ በአብዛኛው ያሳትም የነበረው ባለ 45 ዙሮቹን ትንንሽ ሸክላዎች ነው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ ከዚያ መገልበጥ። ርዝመት ግን ለጆሯችን ባዳ ሆኖ አያውቅም። ማኅሌት የቆመ ሰው ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አያውቅም። በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሰውም «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ አይጠይቅም።

ወደ «ኤኮስ» ልምጣ። የቃሉ ፍቺ በአማርኛ «የገደል ማሚቶ» ነው፤ እኔ እንደምወደው ከሆነ ዘፈኑ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የእኛ ስም ይስማማዋል፣ ገደልም ማሚቶም አለውና። በ1971 መጀመሪያ ባንዱ ስቱዲዮ ሲገባ በእጁ የረባ ነገር አልነበረም። አራቱ ሰዎች፣ ሮጀር ዋተርስ፣ ዴቪድ ጊልሞር፣ ሪቻርድ ራይትና ኒክ ሜሰን፣ የሞካከሯቸውን ቁርጥራጭ ሐሳቦች «ምንም» ብለው ሰየሟቸው፤ «ምንም አንድ»፣ «ምንም ሁለት» እያሉ እስከ ሃያ አራት ደረሱ። ከእነዚያ «ምንሞች» አንዷ የራይት የፒያኖ ድምፅ ነበረች። አንዲት ቀጭን ኖታ ናት፤ ለኦርጋን በተሠራ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ውስጥ ስታልፍ ግን ሌላ ነገር ሆና ወጣች። ክረምት ላይ በሚያፈስ ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ያውቃታል፤ ሌሊት ሳፋው ውስጥ የምታርፈው ጠብታ ናት። ጠብ ትላለች። ዝምታ። ደግማ ጠብ። የሃያ ሦስት ደቂቃ ተኩሉ መንገድ የሚጀምረው በዚህች ነው።

መንገድ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሰሞኑን በእግሬ ሞክሬዋለሁ። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ጠብታዋን አስጀምሬ፣ የቸርችልን ቁልቁለት ተያያዝኩት። ሦስት ደቂቃ ገደማ ስሄድ ዘፈኑ ገባ። የሚዘፍኑት ጊልሞርና ራይት ናቸው፤ ሁለት ድምፅ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን። ግጥሙ የዋተርስ ነው። መጀመሪያ ባሕርና አየር ላይ ተንሳፍፎ የቆመ ትልቅ ወፍ ያሳየንና፣ በሁለተኛው ስንኝ በድንገት መሬት ላይ ያወርደናል፤ መንገድ ላይ የሚተላለፉ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፣ አንዱም በሌላው ውስጥ ራሱን ያያል። ይህን ስንኝ ቸርችል ላይ እየተራመዱ መስማት ሌላ ነው። በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሽቅብ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል የዘፈኑ ሰው ሆነብኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሰላም አለኝ፤ አላውቀውም፣ መልሼ ሰላም አልኩት።

ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሙዚቃው ጠባዩን ቀየረ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮና ቤዝ ጊታሩ አንድ ሐረግ ይይዙና ሳይለቁ ይመላለሱበታል፤ ጊታሩ ላያቸው ላይ ይጨፍራል። ትከሻ ያንቀሳቅሳል። ተጓዡ ደስ ብሎት እርምጃውን የሚያፈጥንበት ቦታ ነው። ከዚያ፣ ከአሥራ አንደኛው ደቂቃ በኋላ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ መሬቱ ይከዳል። ምት የለም፣ ዜማ የለም። ነፋስ ብቻ፣ የቁራ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚጮኽ አውሬ የሚመስል ነገር። ያንን ጩኸት ያወጣው እንስሳ ሳይሆን የጊልሞር ጊታር ነው፤ «ዋ-ዋ» የሚባለውን የእግር ፔዳል ገመዶቹን አቀያይሮ በመሰካቱ የተገኘ ነው። ስሕተት ነበር፤ ሰሙት፣ ወደዱት፣ አስቀሩት።

እዚህ ላይ አንድ ሎተሪ አዟሪ መንገዴን ዘጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቲኬቶቹን ፊቴ ላይ ይዘረጋል፣ እኔ የምሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ሁለታችንም አንድ ዓለም ውስጥ አልነበርንም። ብዙ አድማጮች ይህ ክፍል ያሰለቻል ይላሉ፤ አራት ደቂቃ ጫጫታ ለምን ያስፈልጋል ብለው ይጠይቃሉ። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማው ሰዓት የማይበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን መንገድ ነው ካልን የሚጠፉበት ቦታ ሊኖረው ግድ ነው። ካልጠፉ መመለስ የለም። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ነፋሱ ውስጥ፣ ያቺ ጠብታ ጠብ ስትል ሰውነትን የሚወርረው እፎይታ የሚመጣው ከነዚያ አራት ባዶ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ጊታሩ እንደ ደወል ይደረደራል፣ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ አልፎ ሦስተኛው ስንኝ ሲገባ ዜማው የመጀመሪያው ነው። ሰሚው ግን የመጀመሪያው አይደለም።

ለገሃር እደርሳለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ቀርፋፋ ተራማጅ ስለሆንኩና ሎተሪም ስለገዛሁ ዘፈኑ ያለቀው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ጋ ሳልደርስ ነው። መጨረሻው ላይ ብዙ ድምፆች ተደራርበው ወደ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጆሮ መውጣታቸውን ይሰማል፣ መድረሳቸውን ግን አይሰማም። ጫፍ የሌለው መሰላል ነው። እየወጡ ይጠፋሉ።

«ሻይን ኦን» ሌላ ቤት ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተ እብድ አልማዝ፣ አብራ» እንደማለት ይሆናል። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ሳቀ፤ እርሱ የሚያውቃት አልማዝ ቤት አከራዩ ናት። ዘፈኑ የሚገኝበት «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የተባለው አልበም እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የቀረበው መስከረም 12 ቀን 1975 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ መስከረም 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ይሆናል፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረደ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ በዚያ ጠዋት የእንግሊዝ ሸክላ የምትጠብቅ ከተማ አልነበረችም።

ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ወዲያው አያወራም። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ይላል፣ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ማንም ምንም አይለውም። ከጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት ይተነፍሳሉ። ለመናገር ጊዜው ሲደርስ ክፍሉ ራሱ ያሳውቃል። የ«ሻይን ኦን» የመጀመሪያ ስምንት ደቂቃ ይኸው ነው። ሶል ማይነር በሚባለው ሐዘንተኛ ቅኝት የተያዘ አንድ ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ ኖታዎች፣ ከሩቅ ይመጣል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ውስጡ ከሲንተሳይዘሩ ጋር የወይን ብርጭቆዎች ድምፅ አለ፤ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ ጠርዙን በረጠበ ጣት ሲያሹት የሚያወጣው ዓይነት። ባንዱ ቀደም ሲል ያለ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ፣ በቤት ዕቃ ብቻ አልበም እሠራለሁ ብሎ ተነሥቶ ትቶት ነበር፤ ከዚያ ሥራ የተረፈው ይኸው ነው። ጊታሩ ብቻውን ይገባል፣ ትንሽ ያለቅሳል፣ ዝም ይላል።

ከዚያ አራቱ ኖታዎች ይመጣሉ። ሲ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሚ። ከጊልሞር ጣት ሳይታሰቡ የወጡ ናቸው ይባላል፤ መላው ዘፈን የተተከለው እነርሱ ላይ ነው። ምሥጢሩ ያለው በአራተኛዋ ነው። ጆሮ በሶል ማይነር ውስጥ ተቀምጦ «ሚ ቤሞል» ይጠብቃል፤ የሚመጣው ግን «ሚ» ነው፣ ግማሽ እርምጃ ከፍ ያለው። አያስደነግጥም፣ አያሳርፍምም። በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሄደ ሰው ነው፤ ይመለሳል ወይስ ቀርቷል? ኖታዎቹ ይደገማሉ፣ ይደገማሉ፣ ከበሮው ይገባል፣ በሩ ግን አይዘጋም። ዋተርስ አፉን ሲከፍት የሚናገረው ለዚያ በር ነው። «አንተ» እያለ ስለ አንድ ሰው ወጣትነት፣ ስለ ብርሃኑ፣ ከዚያም ስለ ዓይኖቹ ባዶነት ይዘፍናል። የእኛ ሙሾ አውራጅ ብትሆን የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን፣ ጀግንነቱን ትጠራ ነበር። እዚህ ስም የለም። ርዕሱ ውስጥ ካሉት «ሻይን»፣ «ዩ» እና «ዳይመንድ» ከሚሉት ሦስት ቃላት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ቢለቀሙ ግን «ሲድ» የሚል ስም ይወጣል። ቅኔ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ሲድ ባሬት ከባንዱ መሥራቾች አንዱና የመጀመሪያው ደራሲ ነበር። በ1967 ስም ካወጡ ዘፈኖቻቸው ጀርባ ያለው እርሱ ነው። አእምሮው ታወከ፣ አደንዛዥ ዕፅም ተጨመረበት፣ በ1968 ከባንዱ ተለየ። ስሙ የማይጠራው ስላልሞተ ነው ብዬ አስባለሁ። በቁሙ የሚለቀስለት ሰው ስም አፍ ላይ አይመጣም።

በኋላ የሆነውን ደራሲ ቢፈጥረው አናምነውም ነበር። ሰኔ 5 ቀን 1975፣ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ባንዱ ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ይህንኑ አልበም እየሠራ ሳለ አንድ የወፈረ፣ ጸጉሩንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። ማንም አላወቀውም። ከቆይታ በኋላ ነው ባሬት መሆኑ የታወቀው፤ ከመካከላቸው ያለቀሱ ነበሩ። ከባሬት ወዲህ ያሉት ዓመታት እነዚህን ሰዎች ሀብታም አድርገዋቸዋል፤ በ1973 ያወጡት አልበም ዓለምን አዳርሷል። ሟች የራሱ ልቅሶ ቤት ሲገባ ግን ወንበር እንኳን የሚያቀርብለት አላገኘም። ባሬት ከዚያ በኋላ ከሰላሳ ዓመት በላይ በጸጥታ ኖሮ በ2006 በስልሳ ዓመቱ አረፈ።

አሁን ክርክሩ ወደሚካረርበት ቦታ ደርሰናል። «ሻይን ኦን» በጠቅላላው ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን አንድ ላይ አይሰማም። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ክፍሎች አልበሙን ይከፍታሉ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ይዘጉታል፣ መሃሉ ላይ ሦስት ሌሎች ዘፈኖች አሉ። መጀመሪያ የታሰበው እንደ «ኤኮስ» የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ እንዲይዝ ነበር። እንከፋፍለው ያለው ዋተርስ ነው፤ ጊልሞር ተቃወመ፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። ብዙ የጊልሞር ወዳጆች እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። እኔ ከዋተርስ ጋር ነኝ። ልቅሶ በአንድ መቀመጥ አያልቅም፤ ይኬድና ይመለሳል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። በመሃሉ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ከነጋዴ ይጨቃጨቃል። መሃል ያሉት ሦስቱ ዘፈኖች ውስጥ ሁለቱ ስለ ሙዚቃ ነጋዴዎች መሆናቸው እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ከዚያ ነፋስ ይነፍሳል፣ ተመልሰን እዚያው ቤት ነን።

ነፋስ አልኩ። ሁለቱም ዘፈኖች ነፋስ አላቸው፤ የባንዱ አመል ነው። በ«ኤኮስ» ነፋሱ የምንጠፋበት ሜዳ ነው፣ በ«ሻይን ኦን» ግን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የሚያሻግር ደጅ ነው። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ሥራ።

ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው ያንሳል። ስምንተኛው ክፍል በተለይ ላላ ያለ የጭፈራ ምት ይዞ ሲንጎራደድ፣ ለብዙ ዓመታት እንደ መሙያ ነበር የማየው። ሰሞኑን ግን አንድ አርባ ላይ ተገኝቼ፣ ከድንኳኑ ጥግ ስለ እግር ኳስ የሚከራከሩ ሰዎች ሰማሁና ትንሽ ለዘብኩ። ዘጠነኛው ክፍል ግን የማንም ይቅርታ አያስፈልገውም። የራይት ነው፤ ዝግ ያለ፣ እግሩን የሚጎትት ሰልፍ። መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ እየራቀ ሳለ፣ ሲንተሳይዘሩ ባሬት በ1967 ከጻፈው «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» ከተባለ ዘፈን አንዲት ቁራጭ ዜማ ያነሣል። ልብ ብሎ ያልሰማ ያልፈዋል። ስሙን ለመጥራት ያልደፈሩት ሰዎች ዜማውን ጠሩት።

እንግዲህ ወደ ቆረጣው። ዛሬ ሙዚቃ ከሚሰማባቸው መንገዶች ዋነኛ የሆነው ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ነው። የሁለት ደቂቃ ዘፈንም አንድ፣ የሃያ ሦስት ደቂቃ ዘፈንም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ «ኤኮስ»ን የሚያዳምጥ ሰው አንዴ ሲቆጠር፣ አጭር ዘፈን የሚደጋግም አሥር ጊዜ ይቆጠራል። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ «ኤኮስ» ለአድማጩ የሚሰጠው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ነፃ መተግበሪያ ለሚጠቀም ደግሞ ሌላ መዓት አለ፤ እኔ ራሴ በአንዱ መተግበሪያ ስሰማ፣ ነፋሱ መሃል ላይ፣ ልክ ጠብታዋ ልትመለስ ስትል፣ የሕፃናት ዳይፐር ማስታወቂያ ገባብኝ።

ሁሉንም ጥፋት በዘመኑ ላይ መደፍደፍ ግን አልወድም፤ መቀሱን ያነሡት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። በ2001 ባንዱ ባወጣው የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ «ኤኮስ» ወደ አሥራ ስድስት ደቂቃ ተኩል፣ «ሻይን ኦን» ደግሞ ወደ አሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል ወርደዋል። በጥቅምት 1971 ጣሊያን ውስጥ፣ ፖምፔ በሚገኘው ጥንታዊ የሮማውያን አምፊቴአትር፣ ያለ አንድ ተመልካች በተቀረጸው ፊልም ላይም «ኤኮስ» ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መክፈቻ፣ ግማሹ መዝጊያ ሆኗል። ፊልሙ በ2025 ታድሶ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባም እንደዚያው ነው።

ሁለቱን ቁርጦች አስተያይቻለሁ። «ሻይን ኦን» ቆስሏል ግን ይተነፍሳል። ልቅሶ ቤት ሁለት ሰዓት የተቀመጠም፣ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ የተነሣም፣ ሁለቱም ደርሰዋል። «ኤኮስ» ግን ሲቆረጥ የሚቀረው ዘፈን አይደለም። ከመሃሉ ተቆርጦ የተወሰደ መንገድ ምን ይባላል? ይህንን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በተቀዳ ካሴት ላይ ነው። ቀጂው በካሴቱ ጫፍ የተረፈ ቦታ ላይ ስለከተተው፣ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ሦስተኛው ስንኝ ሊገባ ሲል ክሩ ያልቅና ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ይቆማል። ለስድስት ዓመት ያህል ዘፈኑ እንደዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ነፋሱ ውስጥ ጠፍቼ፣ ጠብታዋን ሰምቼ፣ ቤት ልገባ ደጃፉ ላይ ስደርስ ቀጭ። ሰፈሩ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ባለፈው ሳምንት ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ሱቁ የነበረበትን ቦታ ለመለየት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ይኸው ልዩነት መድረክ ላይም ይታያል። ሪቻርድ ራይት በመስከረም 2008 ካረፈ ወዲህ ጊልሞር «ኤኮስ»ን አይጫወትም። በሁለት ድምፅ የተሠራ መንገድ ነው፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ብቻውን አይሄድበትም። በ2016 ወደዚያው የፖምፔ አምፊቴአትር ተመልሶ፣ ይህኛውን ጊዜ በተመልካች ፊት፣ ሲጫወት ሁሉም የጠበቀው «ኤኮስ»ን ነበር። የተጫወተው «ሻይን ኦን»ን ነው። ዋተርስም በበኩሉ፣ ከጊልሞር ጋር ዓይንና ናጫ ሆኖም፣ በራሱ መድረኮች ይጫወተዋል። ልቅሶ ቤት የቀረው ሰው ይበቃዋል። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች በየተራ ገብተው ሊቀመጡበት ይችላሉ፣ ተቀምጠዋልም።

የትኛው ይበልጣል ብሎ ለሚያጣድፈኝ፣ «ሻይን ኦን» የበለጠ ፍጹም ነው፣ «ኤኮስ» ግን የበለጠ ደፋር ነው እላለሁ። የመጀመሪያውን የሠሩት የሚፈልጉትን የሚያውቁ፣ ገንዘብም ሐዘንም የጠገቡ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሠሩት «ምንም ሃያ አራት» ላይ ቆመው ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁ ናቸው። ለራሴ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል «ኤኮስ»ን አስቀራለሁ፤ ምናልባት ስድስት ዓመት መጨረሻውን ስለነፈገኝ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አጫውቼው ነበር። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ እጁ ግን ኪቦርዱ ላይ ነው። ትናንት ማታ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ማታ ላይ የተነሣ የአራት ኪሎ ሐውልት ነው፣ ዙሪያውን የመኪና መብራት ይዞራል፤ ከሥሩ ያስገባው ድምፅ እነዚያ አራት የጊታር ኖታዎች ናቸው። አሥራ አንድ ሰከንድ። አራተኛዋ ኖታ ላይ ይቆማል። ደወልኩለትና ለምን እዚያ ላይ እንደቆረጠው ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አላለቀም እኮ» አለኝ። «ያላለቀ ነገር ሰው ደግሞ ያየዋል።»

እርሱን ከማናገሬ በፊት እኔም አራት ጊዜ አይቼው ነበር።